ያድናል ወይስ ያስታግሳል?

‹‹መድኃኒት›› የሚለው ቃል ሥሩ ‹‹ዳነ›› ነው። ‹‹ደኅና ዋላችሁ?›› ስንባባልም ‹‹መድኃኔ ዓለም›› ስንልም የምንጠራው ይህንኑ ሥር ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ‹‹መድኃኒት ተገኘለት›› ሲባል የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዳን። በእኔ እምነት ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ምክንያቱም ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ከሚሸጡት ብዙዎቹ አያድኑም። የደም ግፊት ክኒን ግፊቱን ያወርዳል እንጂ በሽታውን ነቅሎ አይጥልም። ኢንሱሊንም ስኳሩን ይቆጣጠራል እንጂ በሽታውን አያባርርም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን ስለ ጤና ስንጽፍ ከግሶች ሁሉ ቶሎ እጃችን የሚገባው ‹‹ያድናል›› ነው። አጭር ነው፣ ለርዕስ ይመቻል፣ አንባቢም ይወደዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ታማሚው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምለው እንዲሁ በደፈናው እንዳይሆን ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን አንድ በሽታ ይዤ ላስረዳ።

ዳንቴል የመሰለው ሕመም

በሽታው ላይከን ፕላነስ ይባላል። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1869 ያወጣለት ኢራስመስ ዊልሰን የተባለ እንግሊዛዊ የቆዳ ሐኪም ነው። ‹‹ላይከን›› በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚታየው ሽበት መሰል ነገር ሲሆን ‹‹ፕላነስ›› ደግሞ በላቲን ጠፍጣፋ ማለት ነው። በሽታው ቆዳ ላይ ሲወጣ የሚያሳክኩ ጠፍጣፋ እብጠቶችን ያመጣል፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። የእኔ ጉዳይ ግን ውስጠኛውንና ለስላሳውን ገላ፣ ማለትም አፍን፣ አንዳንዴም ጉሮሮንና ብልትን የሚይዘው ዓይነት ነው። እሱ ቶሎ አይለቅም። ለዓመታት ይቆያል፤ አንዳንዱን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

አፍ ውስጥ ሲታይ ጉንጭ ላይ ነጭ ዳንቴል የተዘረጋ ይመስላል። ዳንቴሉ ብቻውን ከሆነ ሰውየው ላያመው ይችላል። የከፋው ዓይነት ግን ይልጣል፣ ይቆስላል። ያኔ ትኩስ ቡና ያቃጥላል፣ ሎሚ ያቃጥላል፣ የጥርስ ሳሙና ያቃጥላል። በርበሬማ አይነሳ! አብዛኛው ወጥ ያለ በርበሬ በማይሠራበት አገር ይህ በሽታ ያለበት ሰው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ያቅተዋል ማለት ነው።

በሽታው ተላላፊ አይደለም። በብርጭቆ አይተላለፍም፣ በመሳሳም አይተላለፍም። የሚመጣው የራሳችን በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የአፍን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁት ነው። ለምን እንደሚነሡ ሳይንስ ገና አልጨረሰውም። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ የአፉ ዓይነት ከ100 ሰው 1 ሰው ገደማ ላይ ይገኛል። በብዛት የሚታየውም መካከለኛ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ከ100 ታማሚዎች 1 ገደማ የሚሆኑት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ቁስሉ ወደ ካንሰር ሊለወጥባቸው ስለሚችል ሕመሙ ቢሻልም ክትትሉ አይቋረጥም። ስለዚህ ‹‹ብርቅዬ በሽታ ነው፣ ምን ያገባናል?›› የሚያሰኝ አይደለም። ይህ መጽሔት መቶ አንባቢ ካለው አንዱ አንባቢ ስለ ራሱ ሊያነብ ይችላል።

ሁሉም ተውሶ ነው

ታዲያ ሕክምናው ምንድን ነው? መጀመሪያ የሚታዘዘው ቁስሉ ላይ የሚቀባ ወይም የሚጉመጠመጡት ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ያ አልበቃ ሲል፣ ቁስሉ ሲሰፋ ወይም ጉሮሮና ሌላ ቦታ ሲደርስ በደም አማካይነት መላ ሰውነትን ወደሚያዳርሱ መድኃኒቶች ይኬዳል። ግንባር ቀደሙ ፕሬድኒሶሎን ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሜቶትሬክሴት፣ አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት፣ ሳይክሎስፖሪን፣ አሲትሬቲን እያሉ ይቀጥላሉ።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ተውሶ ናቸው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወባ መድኃኒት የሆነው የክሎሮኪን ዘመድ ነው። ሜቶትሬክሴት ከካንሰር ሕክምና የመጣ ነው። አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎስፖሪን የታወቁት የተተከለ ኩላሊትን ሰውነት እንዳይገፋው በማድረግ ነው። አሲትሬቲን ደግሞ የሌላ የቆዳ በሽታ፣ የሶሪያሲስ መድኃኒት ነው። ለላይከን ፕላነስ ተብሎ የተሠራ አንድም የለበትም። ሐኪሞች የሚያደርጉት የተቆጡትን ሕዋሳት ዝም ሊያሰኝ የሚችለውን ከሌላ በሽታ ተበድሮ መሞከር ነው። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ‹‹ዝም ማሰኘት›› እና ‹‹ማዳን›› ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መድኃኒቱ ሲቆም ሕዋሳቱ ሊነሡ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ይነሣሉ።

ዝም ማሰኘቱም በነጻ አይደለም። የተከላካይ ሠራዊቱን መሣሪያ ስታስፈታ እውነተኛው ጠላትም ያንን ቀን ይጠብቃል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስኳርንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ፊትን ያሳብጣል። ተኝቶ የቆየ ቲቢን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል ያለበት ሰው ሳይመረመር ከወሰደው ትሉ በመላ ሰውነቱ ተሠራጭቶ ሊገድለው ይችላል። ቲቢውም ትሉም በአገራችን የማይታወቁ አይደሉም። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ የወሰዱት ሰዎች ሞተውበታል። አዛታዮፕሪን የደም ምርመራ ይፈልጋል፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የዓይን ምርመራ ይፈልጋል። አሲትሬቲን የወሰደች ሴት ካቆመች በኋላ እንኳ ለ3 ዓመት እንዳታረግዝ ትመከራለች። የክኒኖቹን ልክ እዚህ የማልጽፈው አውቄ ነው። መጽሔት የሐኪም ማዘዣ አይደለምና።

ደግሞ እኛ ዘንድ አንድ የቆየ እምነት አለ። መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ብዙ ነው። ከመርፌ ቀጥሎ ክኒን ይከበራል፤ ቅባት ግን ‹‹ለመዋቢያ›› ተደርጎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኢጣሊያ ሐኪሞች የታተመ ጥናት ይህን እምነት የሚፈትን ነው። የአፍ ላይከን ፕላነስ ያለባቸውን 49 ታማሚዎች ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን መጀመሪያ የስቴሮይድ ክኒን ከዚያም ቅባት፣ ሌላውን ቡድን ቅባት ብቻ ሰጡ። በውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የጎንዮሽ ጉዳት ግን ክኒን ከወሰዱት ውስጥ በሲሶው ላይ ታየ፤ ቅባት ብቻ በተጠቀሙት ላይ አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ለሁሉም ፍርድ ይሰጣል ማለቴ አይደለም። ሆኖም ‹‹ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ›› ብሎ ለሚለምን ታማሚም፣ ‹‹ጠንካራ መድኃኒት›› ብሎ ለሚጽፍ ጋዜጠኛም የሚያስጠነቅቅ ነገር አለው።

መድኃኒት ከሆነ ለምን አላዳነኝም?

ጉዳዩ እኔን ያገባኝ ከአክስቴ የተነሣ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ላይከን ፕላነስ ተባለች፤ ቅባቱ አልበቃ ስላላት ፕሬድኒሶሎን ቀስ በቀስ እየቀነሰች እንድትወስድ ታዘዘላት። በሳምንት ውስጥ ቁስሉ ደረቀ። ለስንት ጊዜ የራቀችውን ቀይ ወጥ በላች። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት! የታዘዘላት ሲያልቅ በሰፈሯ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየገዛች ለወራት ቀጠለች። ‹‹ይህን ክኒን ስንት ጊዜ ወሰዱ?›› ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ፊቷ ሞላ። ጎረቤቶቿ ‹‹ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል›› አሏት። አንድ ቀን ስትመረመር ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ደነገጠችና ክኒኑን በአንድ ቀን ወርውራ አቆመችው።

ይህ ነው ዋናው አደጋ። ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች በተፈጥሯቸው የራሳቸውን ስቴሮይድ ያመነጫሉ። ከውጭ ክኒን ለሳምንታት ሲመጣላቸው ሥራ ይፈታሉ። ክኒኑ ድንገት ሲቆም ቶሎ ሊነቁ አይችሉም፤ ሰውነት ባዶውን ይቀራል። አክስቴ አቅም አጣች፣ አስመለሳት፣ አዞራት፤ ሆስፒታል ገባች። የአፏም ቁስል ተመልሶ መጣ። አልጋዋ ላይ ሆና ‹‹አንተ ጋዜጠኛ ልትሆን አይደል የምትማረው? እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ መድኃኒት ከሆነ ለምን አላዳነኝም?›› አለችኝ።

ጥያቄዋ የሕክምና ብቻ አይደለም፤ የቋንቋም ነው። ማንም ‹‹ይህ ያስታግስሻል፣ አያድንሽም፤ ስታቆሚውም እንዲህ እያደረግሽ ነው›› ብሎ በሚገባት አማርኛ አልነገራትም። መድኃኒት ቤቱ አልነገራትም። ቀኑን ሙሉ ቤቷ ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮም አልነገራትም። አሁን ደኅና ናት። በሐኪም ክትትል ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ ብላ ተላቃለች፤ አፏን በቅባትና በሃይድሮክሲክሎሮኪን ይዛዋለች። ዳንቴሉ ግን ዛሬም ጉንጯ ላይ አለ።

ጋዜጣ ያጠፋውና ጋዜጣ ያቀናው

የእኛ ሙያ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የቆየ እጅ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ በማዮ ክሊኒክ የፕሬድኒሶሎን ታላቅ ወንድም የሆነው ኮርቲዞን ለመጀመሪያ ጊዜ በመገጣጠሚያ ሕመም የተያዘች ሴት ተሰጣት። በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። በ1949 ዜናው በጋዜጦች ወጣና ዓለም ‹‹ተአምር›› አለ። በ1950 ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች ከሁለት ኬሚስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱ ይገባቸዋል። ነገር ግን ያበጠው ፊት፣ የሳሳው አጥንትና መድኃኒቱ ሲቆም የሚያገረሸው ሕመም የመጣው ከርዕሱ በኋላ ነው። ርዕሱን ያነበበ ሁሉ ደግሞ የኋላውን አላነበበም።

ሌላም አለ። ታሊዶማይድ እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍ ገበያ ላይ ዋለ፤ እርጉዞችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። ከ10,000 በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። በ1961 መድኃኒቱ ከገበያ የወጣው የሐምቡርጉ ሐኪም ዊዱኪንድ ሌንዝ ጥርጣሬ ጋዜጣ ላይ በወጣ ሰሞን ነው። በ1972 ደግሞ የለንደኑ ሰንደይ ታይምስ በሃሮልድ ኢቫንስ አዘጋጅነት ለተጎዱት ልጆች ተሟገተ። ፍርድ ቤት ጽሑፉን ቢያግድበትም ክርክሩ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄዶ በ1979 ለጋዜጣው ተፈረደለት። በፕሬስ ሕግ ትምህርታችን ልናነሣው የሚገባ ጉዳይ ነው። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ታሊዶማይድ በ1998 በአሜሪካ ለሥጋ ደዌ ሕመም ማስታገሻ በጥብቅ ቁጥጥር ተፈቀደ። ሌላው ሁሉ እምቢ ላለው የአፍ ላይከን ፕላነስም አልፎ አልፎ ይሰጣል። አንዱ ክኒን ገዳይም አስታጋሽም መሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ውስጥ ለሥጋ ደዌ ሪአክሽን ሳይክሎስፖሪንን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ተካሂደው እ.ኤ.አ. በ2016 ታትመዋል። ሐኪሞቻችን የፕሬድኒሶሎንን ጉዳት ለመቀነስ ሌላ መንገድ ሲፈልጉ ከርመዋል ማለት ነው። ለመሆኑ ስንቶቻችን ይህን ዜና አድርገነዋል?

በቅርቡ ያየነውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት ወር ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮቪድ ‹‹ያድናል›› ተብሎ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰጠ፤ በሰኔ አነሣው። እስከዚያው ግን መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ጠፍቶ በሉፐስ ታመው በእሱ የሚኖሩ ሰዎች ተቸገሩ። አንድ ግስ ያለ ማስረጃ ሲጻፍ መድኃኒትን ከታማሚ እጅ ሊነጥቅ ይችላል።

ተስፋ አስቆራጭ አንሁን ለሚሉ

የምጠብቀው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ‹‹አያድንም እያላችሁ ሕዝቡን ተስፋ አታስቆርጡ።›› ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን አልቀበለውም። ማስታገስ ትንሽ ነገር አይደለም። ሳያለቅሱ መጉረስ፣ ሳይሳቀቁ ቡና መጠጣት፣ ከልጆች ጋር በአንድ ትሪ መቀመጥ ተስፋ ካልሆነ ተስፋ ምንድን ነው? ተስፋ የሚያስቆርጠው ‹‹ትድናለህ›› ተብሎ ያልዳነ ሰው ነው። እሱ ሐኪሙንም ክኒኑንም ራሱንም መጠራጠር ይጀምራል፤ ከዚያ ‹‹ከሥሩ እነቅልሃለሁ›› የሚል ሁሉ ሲሳይ ይሆናል። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ደግሞ የመድኃኒቱን ልክ የደበቀ ጋዜጠኛም በሽታ ይጨምራል እላለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ‹‹እኛ ሐኪም አይደለንም፣ ሐኪሙ ያለንን እንጽፋለን›› የሚል ነው። ሐኪም አለመሆናችን ጥያቄ ከመጠየቅ አያግደንም፤ እንዲያውም ለመጠየቅ ነው የምንማረው። ስለ መድኃኒት ስንጽፍ አራት ነገር ብንጠይቅ ይበቃል ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ያድናል ወይስ ያስታግሳል? ሁለተኛ፣ በስንት ሰው ላይ ተሞክሮ፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ? ሦስተኛ፣ ከዋጋው ሌላ ምን ምርመራና ክትትል ይጠይቃል? አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ሲቆም እንዴት ነው የሚቆመው?

ሁለተኛዋ ጥያቄ ቀላል እንዳትመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ገምጋሚ ተቋም ስቴሮይድ ለአፍ ላይከን ፕላነስ ስለመጥቀሙ 35 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። በ35ቱ ውስጥ የተሳተፉት ሰዎች ተደምረው 1,474 ብቻ ናቸው። ድምዳሜውም የሚቀባው ስቴሮይድ ሕመምን ሳይቀንስ አይቀርም፣ የማስረጃው አስተማማኝነት ግን ዝቅተኛ ነው የሚል ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ለታወቀ በሽታ ማስረጃው ይህን ያህል ነው! አሁን ደግሞ ጃክ ኢንሂቢተርስ የሚባሉ አዳዲስ ክኒኖች በጥቂት ታማሚዎች ላይ ተሞክረው ጥሩ ምልክት እያሳዩ ነው። በእነዚሁ ክኒኖች ላይ ግን የአሜሪካው ባለሥልጣን በ2021 የልብ ሕመም፣ የደም መርጋትና የካንሰር ማስጠንቀቂያ እንዲጠነክር አድርጓል። ነገ ‹‹ተአምረኛው ክኒን›› የሚል ርዕስ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ብዕሩን የምንይዘው እኛ ልንሆን እንችላለን።

ለትምህርት ክፍላችን መምህራንም አንድ ሐሳብ አለኝ። የጤና ዘገባን እንደ ስፖርትና እንደ ቢዝነስ ዘገባ በልምምድ ሰዓታችን ውስጥ አስገቡልን። ከሕክምናና ከፋርማሲ ተማሪዎች ጋር በሴሚስተር አንድ ጊዜ እንኳ አገናኙን። እነሱ ስሙን ያውቁታል፣ እኛ ደግሞ እናቶቻችን በሚገባቸው አማርኛ እንዴት እንደሚባል እንፈልጋለን። ሁለቱ ካልተገናኙ መሐል ላይ የሚቀረው ታማሚው ነው።

ሐሳቤን የሚቃወም ካለ ይህ መጽሔት ለእሱም ክፍት ነው፤ ይጻፍ፣ እንከራከር። እስከዚያው ግን ጓደኞቼ፣ ‹‹ያድናል›› ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ማንን፣ ከምን፣ እስከ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ‹‹ያስታግሳል›› ከሆነ ‹‹ያስታግሳል›› ብላችሁ ጻፉ። ሰው የተነገረውን እውነት ይችለዋል።